ኮናን፣ ሰባት ቤት እና ‹‹የማን ልጅ ነህ?››

ካርቱን የልጆች ነገር ነው የምትሉ ወዳጆቻችን፣ ለዛሬ ብቻ ታገሱን። ስለ አንድ የጃፓን ካርቱን ልናወራችሁ ነው። ከካርቱኑ ግን ቶሎ ወጥተን ወልቂጤ እንገባለን፣ በቡታጅራ በኩልም እናልፋለን። ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። የሚያገናኛቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውን ደግሞ ሁላችሁም ተጠይቃችሁ ታውቃላችሁ፦ ‹‹የማን ልጅ ነህ?››

ፊልሙ ‹‹መርማሪው ኮናን›› ከሚባሉት ፊልሞች ስድስተኛው ሲሆን ርእሱ ‹‹የቤከር ጎዳና መንፈስ›› እንደ ማለት ነው። ጃፓን ውስጥ የወጣው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ኮናንን ለማታውቁት፦ በተሰጠው መርዝ ምክንያት ሰውነቱ ወደ ሕፃንነት የተመለሰ የ17 ዓመት መርማሪ ነው። ጎሾ አዮያማ የተባለው ሠዓሊ በ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮት እስከ ዛሬ አላለቀም (የእኛ አገር ድራማ ረዘመብን የምትሉ ተጽናኑ)። የልጁ ስም ራሱ ውርስ ነው፤ ከጃፓኑ የወንጀል ደራሲ ከኤዶጋዋ ራምፖና ከሼርሎክ ሆልምስ አባት ከአርተር ኮናን ዶይል ተለቃቅሞ የተሠራ። እዚህ አገር ኮናን የመጣበት አንዱ መንገድ ደግሞ በዐረብ በኩል ነው። ዐረብሳትና ናይልሳት የሚስቡ ዲሾች በየጣሪያው በበቀሉበት ዘመን ስፔስቱን የሚባለው የልጆች ጣቢያ ኮናንን በዐረብኛ ያናግረው ነበር። ጃፓናዊ መርማሪ፣ የደማስቆ ተዋናይ ድምፅ፣ የቡታጅራ ሳሎን! ግሎባላይዜሽን የሚባለው ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ወደ ታሪኩ እንግባ። መጨረሻውን ሳትሰሙ ፊልሙን ማየት የምትፈልጉ ሁለት አንቀጽ ዝለሉ።

ቶኪዮ ውስጥ ‹‹ኮኩን›› የሚባል አዲስ የጌም ማሽን ይመረቃል። ውስጡ የተኛ ሰው ጌሙን በሕልም እንዳለ ያህል ይኖረዋል። የመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች 50 ልጆች ናቸው። ማን ማን ናቸው? የፖሊስ ትልቅ ባለሥልጣን የልጅ ልጅ፣ የፖለቲከኛ ልጅ፣ የካቡኪ ተዋናይ ልጅ … የአባቶቻቸውን ወንበር ተራ ይዘው የሚጠብቁ ልጆች። አዳራሹ ውስጥ ኳስ እየለጉ፣ ሰው እየሰደቡ ይቦርቃሉ። ሃይባራ የምትባለው የኮናን ጓደኛ ይህን አይታ ጃፓን በዘር የምትወረስ አገር መሆኗን በምሬት ትናገራለች። ከተራ ቤት የመጡት የኮናን ጓደኞች የገቡት ብርቅ የሆኑ የጀግና ካርዶቻቸውን ሰጥተው መግቢያውን በልዋጭ ስላገኙ ነው። ከዚያ ማሽኑ በ‹‹ኖኅ መርከብ›› ይያዛል። የኖኅ መርከብ ሂሮኪ የሚባል የ10 ዓመት ልጅ የሠራው ሰው ሠራሽ አእምሮ ነው። ሂሮኪ የጃፓን ትምህርት ቤት አልመች ብሎት አሜሪካ ሄዶ፣ ቶማስ ሺንድለር በሚባል የኮምፒውተር ባለሀብት እጅ አድጎ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ራሱን ከፎቅ የወረወረ ልጅ ነው። ማሽኑ 50ዎቹን ልጆች አግቶ ይፈርዳል፦ አንድ ሰው እንኳ ጌሙን ካልጨረሰ ሁሉም ይሞታሉ፣ ጃፓንም የክፉ አባቶች ክፉ ልጆች ሳይረከቧት ከዜሮ ትጀምራለች። ልጆቹ የሚጣሉበት ጌም የ1888 ለንደን ነው። የሚያሳድዱት ገዳይ ደግሞ ማንነቱ እስከ ዛሬ ያልታወቀው ጃክ ዘ ሪፐር።

ከጌሙ ውጭ ደግሞ እውነተኛ ግድያ አለ። ጌሙን የሠራው ካሺሙራ ተወግቶ ይሞታል። ገዳዩ ሺንድለር ነው። ለምን ገደለ? ሂሮኪ የሰውን ዘር በዲ.ኤን.ኤ. የሚከታተል ፕሮግራም ሠርቶ ነበር፤ ፕሮግራሙ ሺንድለር የጃክ ዘ ሪፐር ዘር መሆኑን አወጣ። ካሺሙራ ይህን ያውቃል። ሺንድለር የገደለው ገንዘብ ፈልጎ አይደለም፤ አጥንቱ እንዳይቆጠርበት ነው።

‹‹አጥንት መቁጠር›› ስንል የአማርኛ አንባቢ ትርጉም አያስፈልገውም። እኛ ፊልሙን አቁመን ወደ አገራችን የዞርነው እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ስለዚያ 1888። ፊልሙ ውስጥ ለንደን በጭጋግና በጋዝ መብራት ተውጣ በምትታይበት ዓመት አካባቢ፣ ዛሬ ወልቂጤ ባለችበት ምድር ዙሪያ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። ከክስታኔ ወገን የሆኑት ሰሜኖቹ ጉራጌዎች ለምኒልክ በሰላም ሲገቡ ምዕራቡ እምቢ ብሎ ነበር። የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ የመራው ተጋድሎ ራስ ጎበና ዳጬ መጥተው ጀብዱ ሜዳ ላይ እስኪሰብሩት ድረስ ዘልቋል፤ ይህም 1888 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። በእኛ አቆጣጠር 1888 ያልን እንደሆነ ደግሞ ዓድዋ ነው። እዚያም ጉራጌ አለ፤ መድፉ ዘንድ። ባልቻ ሳፎ የጉራጌ ልጅ ነው። ምኒልክ በዘመቱበት ጊዜ በልጅነቱ ተማርኮ፣ በዘመኑ የጦርነት ልማድ ተሰልቦ፣ ቤተ መንግሥት አድጎ፣ በጅሮንድ ሆኖ፣ ደጃዝማች ሆኖ፣ በ1929 ዓ.ም. ከጣልያን ጋር ሲዋጋ የወደቀ ሰው። የባልቻን አባት ስም እናውቃለን፤ ወንበር ግን አላወረሰውም። እንዲያውም ባልቻ ራሱ የሚወርሰው ልጅ ሊኖረው አይችልም ነበር። የዘር ወንበር በሚባል ነገር ላይ ከዚህ የበለጠ ምፀት ማን ይጽፋል?

ከባልቻ በኋላ የመጣው ጉራጌ ሌላ ምርመራ ጠበቀው። አዲስ አበባ ገብቶ ሸክም ተሸከመ፣ ጫማ ጠረገ፣ ሱቅ በደረቴ አንጠለጠለ። ከተማዋም ሥራውን ከስሙ ጋር ሰፋችለት። ‹‹ኩሊ›› ሲባል ጉራጌ፣ ‹‹ሊስትሮ›› ሲባል ጉራጌ፣ ቆጣቢ ሲባል ጉራጌ። በየመድረኩ ኮሜዲ ሕዝብ ለማሳቅ ዘዬውን ማስመሰል ብቻ የበቃበት ዘመን ረጅም ነው። የሚገርመው ሥራ በዘር ይወረሳል የሚለውን ሐሳብ ያፈረሰው ይኸው ሰው መሆኑ ነው። የመርካቶው ማሕሙድ አሕመድ ጫማ እየጠረገ ጀመረ፤ ዛሬ ማሕሙድን ሊስትሮ ብሎ የሚያስታውስ አለ? በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ የእነዚያው ነጋዴዎችና ወዝ አደሮች መዋጮ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቁሞ ወደ ቡታጅራ የሚወስደውን መንገድ አስጠረገ። መንግሥት መንገድ እስኪያወርሰው አልጠበቀም። ዛሬ ከአለም ገና በቡታጅራ መስመር የምትሄዱ ሁሉ የምትነዱት በሊስትሮ ሳንቲም ላይም ጭምር ነው። (ቡታጅራ ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት፤ የድሮው የጉራጌ ዞን ከወልቂጤ ጋር ቀርቷል። ‹‹ሁለቱም ጉራጌ ዞን›› የሚለው የድሮ መጽሐፍ ስለሆነ እንዳያሳስታችሁ።)

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ የሚል ጽሑፍ ይወጣው ነበር። ሁሉም ያጨበጭባል፣ ጉራጌ ጓደኞቻችን ክትፎ ይጋብዙናል። ግን የኮናን ወጉ ሁሉም ‹‹ገዳዩ ታወቀ›› ብሎ ሲበተን አንድ ያልተመለሰ ነገር ማንሳት ነው።

ያልተመለሰው ነገር ምሶሶው ነው።

የጉራጌን ቤት አይታችሁ ከሆነ መሐሉ ላይ የቆመውን ምሶሶ ታውቁታላችሁ። ጣሪያው ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። አባወራው፣ እንግዳው፣ ከብቱ ሳይቀር በእሱ ዙሪያ ያድራል። ይህን ምሶሶ ከጫካ መርጦ፣ ቆርጦ፣ ጠርቦ የሚያቆመው ማን ነበር? ‹‹ፉጋ›› የሚባለው ሰው ነው። ቃሉ ዛሬ እንደ ስድብ ስለሚሰማ የምንጽፈው በታሪክ ስሙ ብቻ ነው፤ ከዚህ በኋላ ባለእጅ እንላለን። አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ ዊልያም ሻክ በቸሃ ዘንድ ኖሮ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉራጌ መጽሐፉ ይህን በዝርዝር ጽፎታል። ባለእጁ ቤቱን ያቆማል፤ ቤቱ ከቆመ በኋላ ሳይፈቀድለት አይገባበትም። እርሻ አይነካም፤ የነካው መሬት ፍሬ ያጣል ይባላልና። ከብት አይጠጋም። የራሱ መሬት የለውም። ከገበሬው ቤት ልጅ አያገባም፣ ለገበሬው ቤትም ልጁን አይድርም። ባለእጅነት ደግሞ ተምሮ የሚገቡበት ተመርቆ የሚወጡበት ሙያ አይደለም፤ ከእናት ማሕፀን ይዘውት የሚወጡት ነው።

እንዲያም ሆኖ ያለ እሱ የማይሆን ብዙ ነገር አለ። ልጃገረዶች ወደ ትልቅነት የሚሸጋገሩበትን የምስጢር ሥርዓት ይመራ የነበረው እሱ ነው። ከዚያም ጋር ሌላው የማይሰማው የምስጢር ቋንቋ አለ፤ ቮልፍ ሌስላው የተባሉት የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ሳይቀሩ ቁጭ ብለው መዝግበውታል። ይፈሩታል፣ ይፈልጉታል፣ አያስጠጉትም። እስኪ ይህን ለኮናን ስጡትና ‹‹ቤቱ የማን ነው?›› በሉት።

‹‹ይህ የእኛ ብቻ ነውር ነው›› ለሚሉም፣ ‹‹የሠለጠነ አገር እንዲህ የለም›› ለሚሉም መልሱ ያው ጃፓን ናት። ጃፓን ቡራኩሚን የሚባሉ ወገኖች አሏት፤ ትርጉሙ ‹‹የመንደር ሰዎች›› ነው። መልካቸው ከሌላው ጃፓናዊ አይለይም፣ ቋንቋቸው አይለይም። አያቶቻቸው ቆዳ ፋቂ፣ ከብት አራጅ፣ ጥንብ ቀባሪ ነበሩ፤ በቃ። በ1871 እ.ኤ.አ. የሜጂ መንግሥት በአዋጅ እኩል ናችሁ አላቸው። በማግስቱ የወጣው የቤተሰብ መዝገብ ግን አንዳንዶቹን ‹‹አዲስ ተራ ሰው›› እያለ መዘገበ! አዋጁ ያጠፋውን መዝገቡ መለሰው። በ1922 ራሳቸው ተደራጅተው መብታቸውን መጠየቅ ጀመሩ። በ1975 ደግሞ አንድ ጉድ ፈነዳ፦ የቡራኩ መንደሮችን ስምና አድራሻ የያዘ መጽሐፍ በምስጢር ለድርጅቶች ሲሸጥ ተገኘ። ገዢዎቹ ከ200 በላይ ኩባንያዎች ነበሩ፤ ሥራ ፈላጊው ከየት መንደር እንደ ሆነ ሊያዩበት።

አሁን ልብ በሉ፤ ይህን የዘር ፍለጋ በጃፓን ማን ይሠራው ነበር? መርማሪ! ኮናን አይደለም፤ ቢሮ ያለው፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ የግል መርማሪ። ልጃችሁን ሊያገባ የመጣው ሰው ማን ነው፣ አያቱ የት ተቀበሩ፣ መንደሩ የት ነው … በክፍያ አጣርቶ ያመጣላችኋል። ነገሩ እጅግ ከመክፋቱ የተነሣ የኦሳካ አስተዳደር በ1985 የምርመራ ድርጅቶች ቡራኩነትን እንዳያጣሩ የሚከለክል ደንብ እስከ ማውጣት ደረሰ። እንግዲህ መርማሪ ሁለት ሥራ አለው ማለት ነው። አንዱ ‹‹ማን አደረገው?›› ብሎ ይጠይቃል፣ ሌላው ‹‹የማን ልጅ ነው?›› ብሎ። የመጀመሪያው በሠራኸው ይፈርድብሃል፤ ሁለተኛው አያትህ በሠሩት።

ፊልሙ ቡራኩሚን የሚል ቃል አንድም ቦታ አያነሳም። ይህን እኛ ነን የምናነብበት። ግን አንድ ሰው የዘሩን ምስጢር ለመቅበር ነፍስ የሚያጠፋበትን ታሪክ የጃፓን ተመልካች እንደ ሩቅ ተረት ብቻ ያየዋል ብለን አናምንም። ፊልሙ የመጣበትም ጊዜ ነው። በ2002 ጃፓንን ይመሩ የነበሩት ጁኒቺሮ ኮይዙሚ በአባታቸውም በአያታቸውም ፖለቲከኛ ነበሩ። በተቃራኒው ከቡራኩ የወጡት ሂሮሙ ኖናካ የካቢኔው ዋና ጸሐፊ እስከ መሆን ደርሰዋል፤ የመጨረሻዋን ወንበር ግን አላገኟትም።

የእኛም ሰዎች በጃፓን የቀኑት ከጥንት ነው። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ አርአያ የሆነው የሜጂ ሕገ መንግሥት ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ጃፓን ሄደው ሲመለሱ ‹‹ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን››ን ጻፉ። ከጃፓን ምን ወሰድን ብትሉ ግን፣ ፋብሪካውን ሳይሆን ቀድመን የወሰድነው አንቀጽ ዙፋን በአንድ ቤት ዘር ጸንቶ የሚኖር መሆኑን ነው። እሱማ እዚሁ ሞልቶን ነበር!

አዋጅም አልጠፋንም። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ እንዳይኖር አዘዋል። በየካቲት 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ የኖኅ መርከብ ያላደረገውን አደረገ፤ ባላባቱንና ጭሰኛውን በአንድ ቀን ደመሰሰ። አያቱም እሱም መሬት ያልነበረው ባለእጅ የገበሬ ማኅበር አባል ሊሆን፣ መሬት ሊደርሰው ቻለ። ይህን ትንሽ ነገር ነው የሚል መሬት አጥቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ነገር ግን መሬት በአዋጅ ይሰጣል፤ ልጅ በአዋጅ አይሰጥም። አሉላ ፓንክኸርስትና ዴና ፍሪማን በ2003 እ.ኤ.አ. በአዘጋጁት የኢትዮጵያ የተገለሉ ወገኖች ጥናት ውስጥ በየአካባቢው ጎልቶ የሚወጣው ይኸው ነው፦ ገበያው ይከፈታል፣ ትምህርት ቤቱ ይከፈታል፣ ጋብቻ ላይ ሲደርስ በሩ ይዘጋል።

ሰባት ቤት ጉራጌ ስሙ ራሱ ቤት ነው። ቸሃ፣ እዣ፣ እነሞር፣ ጌቶ፣ ሙሁር፣ ጉመር፣ እንደጋኝ እያለ የሚቆጥረው አለ፤ አቆጣጠሩ እንደ ቆጣሪው ይለያያል። ጋብቻ ሲመጣ ደግሞ ትውልድ ይቆጠራል። ዝምድና እንዳይኖር ነው ይባላል፤ ነውም። ነገር ግን ዝምድናን በሚፈትሹበት በዚያው ወንፊት ሌላም ነገር አብሮ ይነፋል። ይህ የጉራጌ ብቻ አይደለም፤ አማራውም ‹‹አጥንቱ ምንድን ነው?›› ይላል፣ ሸማኔውንና ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ብሎ ያገለለው ሩቅ አገር አይደለም። የሺንድለር ኮምፒውተር የሚሠራውን ሥራ የእኛ አጎቶች ያለ ኤሌክትሪክ ይሠሩታል። ወልቂጤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት። ከየክልሉ የመጣ ወጣት በአንድ ዶርም ያድራል፣ በአንድ ትሪ ይበላል፣ ይዋደዳል። ከዚያ ለበዓል ወደየቤቱ ይሄድና ያንኑ የፈረደበትን ጥያቄ ሰምቶ ይመለሳል።

ስለ ፊልሙ አንድ ቅሬታ አለን። የኖኅ መርከብ በመጨረሻ ልጆቹን ይምራቸዋል። ባለጌዎቹ የሹም ልጆች በጌሙ ውስጥ ለሌላው መሥዋዕት መሆንን ተምረው፣ ሰው ሆነው፣ ወደየሹም ቤታቸው ይመለሳሉ። ደስ ይላል። ግን ወንበሩን አሁንም የሚወርሱት እነሱ ናቸው፤ የተለወጠው ጠባያቸው ነው። መጫወቻውን በልዋጭ ካርድ እንኳ ማግኘት ያልቻለው ልጅ ፊልሙ ውስጥ ጭራሽ የለም። ሞቶ ድምፅ ብቻ የሆነው ሂሮኪ እንኳ ባለሀብት ያሳደገው ነው።

የእኛም መድረክ ከዚህ አያመልጥም። የቃቄ ውርድወት ብሔራዊ ቴአትር ስትቀርብ ስንቶቻችን ተሰልፈን አየን! በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ ስለ ሴት የትዳር መብት የተሟገተች ጉራጌ፤ ለዘዬ ቀልድ ብቻ ይፈለግ የነበረው ሕዝብ በመጨረሻ በጀግና ተወከለ፣ ደስም አለን። ግን ውርድወት ‹‹የቃቄ›› ናት። ስሟን ስንጠራ ከአባቷ ስም እንጀምራለን። ሸንጎ ፊት ስትቆም ሰሚ ያገኘችው የምትናገረው እውነት ስለሆነ ብቻ ነው ወይስ የማን ልጅ እንደ ሆነች ሁሉም ስለሚያውቅ? የባለእጁ ልጅ ያንኑ ክስ ይዛ ብትመጣ የት ላይ ትቆም ነበር? እሷን እስካሁን በመድረክ አላየናትም።

ባለፈው ወደ ወልቂጤ መንገድ ላይ ከአንድ የባህል ምግብ ቤት ገብተን ነበር። ቤቱ በጉራጌ ቤት አምሳል የተሠራ ነው፤ ጣሪያው ሣር፣ መሐሉ ላይ ወፍራም ምሶሶ፣ ክትፎው በሸክላ ጣባ፣ ቆጮው በእንጨት ገበታ። ግድግዳው ላይ የባለቤቱ ቤተሰብ ፎቶግራፎች በተራ ተሰቅለዋል፤ አያት፣ አባት፣ ልጅ። አስተናጋጁን ‹‹ይህን ምሶሶ ማን አቆመው?›› አልነው። ፈገግ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ‹‹ከገጠር የመጡ ሰዎች ናቸው›› አለን። ስማቸውን ጠየቅነው። ‹‹ባለቤቱን ልጥራላችሁ?›› አለን።